የኮሜዲ ተዋናይ ዕድሜ የሚረዝመው በድርሰቱ ነው

ዛሬ በሶማሌ ክልል፣ በቀብሪበያም ሆነ በጅጅጋ፣ ስልኩን ግድግዳ ላይ ደግፎ ከጓደኞቹ ጋር አጭር ኮሜዲ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ የሚለጥፍ ወጣት ማግኘት ብርቅ አይደለም። በሶማልኛም በአማርኛም ይቀርጻሉ፤ አንዳንዴ ሁለቱን እየቀላቀሉ። ችሎታው አለ፣ ተመልካቹም አለ። ከእነዚህ ወጣቶች አብዛኞቹ የሚያስጨንቃቸው ጥያቄ «እንዴት ልታወቅ?» የሚለው ነው። በእኔ እምነት ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ «እስከ መቼ እቆያለሁ?» የሚለው ነው። መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፤ የኮሜዲ ተዋናይ ዕድሜ የሚረዝመው የሚያስቀውን ነገር ራሱ ሲደርሰው ነው። ፊት ይለመዳል፣ ድምፅ ይሰለቻል፣ አንድ ወቅት የሳቀበትን ቀልድ ሕዝቡ በሚቀጥለው ዓመት ይረሳዋል። ሳቁ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ፣ አስቦ የሚያዋቅረውና በስሙ የሚያስቀምጠው ሰው ግን ከዕድሜውም በላይ ይኖራል። ይህንን ከታሪክም ከሙያውም አሠራር እያመጣሁ ላስረዳ፤ የሚነሱ ተቃውሞዎችንም አላልፋቸውም።

ከራሳችን አካባቢ እንጀምር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር የሚባለው «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። የጻፉት በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም በልጅነታቸው በሐረር በራስ መኮንን ቤት ያደጉ፣ በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ በኋላም ጨርጨርንና ይህችኑ ጅጅጋን ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። በ1910ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ቴአትር ተብሎ የቀረበላቸው ዝግጅት ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ቢሆንባቸው፣ ቴአትር ምን እንደሆነ ለማሳየት የላፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መሠረት አድርገው ፋቡላን ጻፉ። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ ዘመኑ አስተዳደር ብልሹነት ነበርና ነገሩ ለቤተ መንግሥቱ አልተሰወረም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ድርሰቱ ታገደ፤ ቴአትር ራሱ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ድረስ ተዳፍኖ ቆየ። አሁን ልብ በሉ። ከዚያ መድረክ ዛሬ እጃችን ላይ የቀረው ድርሰቱ ነው። እነማን እንደተጫወቱት፣ ማን አንበሳውን ማን ቀበሮውን እንደሆነ የሚያነሳ እምብዛም የለም። ሳንሱር መድረኩን ዘጋው፤ ጽሑፉን ግን ሊያጠፋው አልቻለም።

በዚሁ በምሥራቁ መስመር ሌላ ሰው አለ። መንግሥቱ ለማ ልጅነታቸውን ሐረር ያሳለፉ ናቸው። በ1950ዎቹ የጻፏቸው «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» የአማርኛ ኮሜዲ ምን ያህል ሊረቅ እንደሚችል ያሳዩ ተውኔቶች ናቸው። አንደኛው የጠለፋን ልማድ፣ ሁለተኛው የዘርና የመደብ ኩራትን በሳቅ ይገልጣል። እሳቸው ተዋናይ አልነበሩም፤ ተዋናይ የሚኖርበትን ቤት የሠሩ ሰው ነበሩ። ጽሑፉ ስላለ ከስድሳ ዓመት በኋላም አዲስ ተዋናይ ገብቶበት ሊያስቅበት ይችላል። ለአንድ የኮሜዲ ተዋናይ ይህን መሰል ሚና ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው፤ ሚናውን ራሱ መጻፍ ከቻለ ግን ዕድሉን ከማንም አይጠብቅም።

ተዋናይነትንና ደራሲነትን በአንድ ሰው ውስጥ ያጣመረውን ለማግኘት ድንበሩን ትንሽ መሻገር በቂ ነው። ሐሰን ሼክ ሙሚን በ1930ዎቹ መባቻ (እ.ኤ.አ.) ከጅጅጋ ብዙም በማትርቀው ቦረማ ተወለደ። ገጣሚ፣ የዜማ ደራሲ፣ ተዋናይና የተውኔት ደራሲ ነበር፤ በሬዲዮም ሠርቷል። ዛሬ የሶማሌላንድ መዝሙር የሆነው «ሳሞ ኩ ዋር» የእሱ ነው። በይበልጥ የሚታወቀው ግን «ሸቤል ናጎድ» በተባለው ተውኔቱ ነው። ሸቤል የሚባል አታላይ ሴቶችን በሐሰት ጋብቻ እያግባባ ይጥላቸዋል፤ ተውኔቱ ይህን ሰው በሳቅም በምሬትም ያጋልጠዋል፣ እግረ መንገዱንም ከተማ ገብቶ ልማዱ የተናጋበትን ማኅበረሰብ ይመረምራል። ተውኔቱ በሶማሌዎች ዘንድ እጅግ ከመወደዱ የተነሳ ትውልደ ፖላንዳዊው የሶማልኛ ምሁር አንድዤየቭስኪ ተርጉሞት፣ ሶማልኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1974 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። ሐሰን እ.ኤ.አ. በ2008 በስደት አገር በኖርዌይ አረፈ። እሱ መድረክ ላይ ሲጫወት ያላየው ትውልድ ግን ሸቤልን ያውቀዋል። የተዋናይነት ጊዜው አልፏል፤ ደራሲነቱ አላለፈም።

የሶማሌ ቴአትር አሠራርም ራሱ ለዚህ ክርክር ማስረጃ ነው። የተውኔቱ ዋና ሐሳብ የሚተላለፈው በግጥም ነው፤ ያንን ግጥም ተዋናዩ ቃል በቃል አጥንቶ ይለዋል፣ አንዲት ቃል አይቀይርም። በግጥሙ መካከል የሚገባውን ተራ ንግግር ግን ደራሲው የታሪኩን መስመር ከነገረው በኋላ ተዋናዩ ከራሱ ያፈልቀዋል፤ ብዙው ሳቅም የሚወጣው ከዚህ ነው። ሁለቱ ተለይተው ይታወቃሉ፤ ምን እንደማይነካ፣ ምን ደግሞ ለተዋናዩ ነፃ እንደሆነ። የዛሬ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው የመጀመሪያው ክፍል ነው። ሁሉን ለነፃው ንግግር ይተዉታል። ነፃው ንግግር ሞቅ ባለ ቀን ያስቃል፤ በቀዘቀዘ ቀን ግን የሚይዘው ምሰሶ የለውም።

ይህ የእኛ አካባቢ ጠባይ ብቻ እንዳይመስል ራቅ ብለን እንይ። ፈረንሳዊው ሞሊየር ተዋናይም ደራሲም ነበር። ፓሪስ ውስጥ ከነጓዶቹ ሲከስር ወደ ክፍለ አገር ወጣ፤ ከአሥር ዓመት በላይ በትናንሽ ከተሞች ሲጫወት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1658 ተመለሰ። የሕዝቡን ሳቅ ያጠናው በእነዚያ ከተሞች ነው። «ታርቱፍ» የተባለው ሃይማኖትን ለጥቅሙ የሚለብስ ሰው የሚያሳይ ኮሜዲው እ.ኤ.አ. በ1664 ታግዶ፣ ሞሊየር ደጋግሞ እያሻሻለው በ1669 ተፈቀደለት። ይህን ማድረግ የቻለው ጽሑፉ የእሱ ስለነበረ ነው፤ የሰው ድርሰት የሚጫወት ቢሆን ኖሮ ሌላ ሚና ፈልጎ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1673 ራሱ የጻፈውን የበሽተኛ ሚና እየተጫወተ ታመመ፤ በዚያው ሌሊትም ሞተ። ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም የእሱን ቃል እየተናገሩ እንጀራቸውን የሚበሉ ተዋንያን አሉ።

ከሁሉ የሚያስተምረኝ ግን በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን የነበሩት የቻርሊ ቻፕሊንና የበስተር ኪተን ሙያዊ ጉዞ ነው። በችሎታ ከተመዘኑ አንዱን ከሌላው ማስበለጥ ይቸግራል። ቻፕሊን የራሱን ስቱዲዮ አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ከሦስት የፊልም ሰዎች ጋር ሆኖ ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለውን የፊልም ኩባንያ መሠረተ፤ ፊልሞቹን ራሱ ይደርሳል፣ ራሱ ያዘጋጃል፣ የባለቤትነት መብቱንም ራሱ ይይዛል። ኪተንም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የራሱን ቀልድ ራሱ እየፈጠረ «ዘ ጄኔራል»ን የመሰለ ሥራ ሠራ፤ ነገር ግን የፊልሞቹ ባለቤት ፕሮዲውሰሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ትልቁ የፊልም ኩባንያ ኤምጂኤም ሲዛወር የሚያስቀውን የሚወስኑለት ሌሎች ሆኑ። በ1933 ተሰናበተ። በኋላ እዚያው ኩባንያ ውስጥ ለሌሎች ኮሜዲያን ቀልድ እየፈጠረ ይከፈለው ጀመር። ችሎታው አልቀነሰም፤ የተወሰደበት የመወሰን ሥልጣኑ ነው። ስለዚህ ደራሲነት ስል ወረቀትና ብዕር ብቻ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ብዙ ጊዜ ሙሉ ስክሪፕት ሳይዙ ነበር የሚሠሩት። ደራሲነት ማለት «እዚህ ጋ የሚሳቀው በምንድን ነው? ለምን?» የሚለውን መወሰን፣ ውሳኔውንም የራስ ማድረግ ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን በአንድ ትዕይንት እንየው። ለምሳሌ እንዲህ እንበል። አንድ ሰው ሻይ ቤት ገብቶ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ሚኒሶታ ካለ ዘመዱ ጋር ጮክ ብሎ ያወራል፤ ዶላር ሊላክለት ነው። ሻይ ያዛል፣ ለጎረቤቱም ይጋብዛል፣ ሁሉም በዱቤ። የስልኩን ሲም ካርድ ግን ባለ ሻይ ቤቷ ለቀድሞው ዕዳ መያዣ ወስዳበታለች። ይህን ለተመልካቹ መቼ እንንገረው? መጨረሻ ላይ ከነገርነው አንድ ትልቅ ሳቅ እናገኛለን፤ አንድ ብቻ። መጀመሪያ ላይ ሲም ካርዱን በስኳር ጣሳ ውስጥ ስትሸሽገው ካሳየን ግን ሰውየው የሚናገረው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ያስቃል፤ ሴትዮዋ ዝም ብላ ሻይ መቅዳቷም ሌላ ሳቅ ይሆናል። አንድ እርምጃ ጨምረን በሩ ላይ የተማሪ ደብተር የያዘ ልጁን ብናስቆመውስ? ያኔ ሰውየው የሚዋሸው ለሻይ ሳይሆን ልጁ ፊት ላለመዋረድ መሆኑ ይገባናል፤ ባለ ሻይ ቤቷም ዝም ያለችው ስለዚህ ነው። ሳቁ አልቀረም፣ ግን ሰውየው ከቀልድነት ወደ ሰውነት ተሻገረ፤ በሚቀጥለው ክፍልም እንዲመለስ እንፈልጋለን። ተዋናዩ በሦስቱም ጊዜ ያው ነው፤ ፊቱም ያው፣ ድምፁም ያው። የተለወጠው የነገሩ ቅደም ተከተል ነው፤ ይህንንም የወሰነው ደራሲው ነው።

አሁን በአገራችን የኮሜዲ ሙያ የሆነውን በዚህ ዓይን እንመልከት። ተስፋዬ ካሳ፣ አለባቸው ተካ፣ ልመነህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ፣ ክበበው ገዳ የሚሉ ስሞች በበዓል የቴሌቪዥን ዝግጅትና በመድረክ ከሕዝቡ ልብ የገቡ ናቸው። ለዚህ ሕዝብ ያበረከቱት ደስታ በቀላል የሚገመት አይደለም። ነገር ግን ሥራቸው ዛሬ በብዛት የሚገኘው ማን እንደጫነው በማይታወቅ ቁርጥራጭ ቪዲዮ ነው፤ ማን ጻፈው፣ መቼ ቀረበ፣ የሚል ነገር አብሮት የለም። ይህ የእነሱ ጥፋት አይደለም። የኮሜዲ ጽሑፍን እንደ ሥነ ጽሑፍ ቆጥሮ የሚያትም፣ የሚያስቀምጥና የሚያስተምር ልማድ አላዳበርንም። በአንጻሩ ጥላሁን ጉግሳ ያዘጋጀውና የተወነበት ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ «ቤቶች» ለዓመታት ተመልካች ሳይለየው የዘለቀው ገጸ ባሕርያቱ አስቀድመው የተቀረጹ፣ ጠባያቸው የሚታወቅ ስለነበር ነው። ተመልካቹ የሚጠብቀው ቀልዱን ብቻ አልነበረም፤ «ይቺ ሴትዮ ይህን ስትሰማ ምን ትል ይሆን?» እያለ ነው። ይህ የድርሰት ውጤት ነው።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። የመጀመሪያው «ኮሜዲ በቅጽበት የሚወለድ ነገር ነው፤ ቢጽፉት ይሞታል። በተለይ የሶማሌ ሕዝብ ባህሉ የቃል ነው» የሚል ነው። እውነት አለበት። ሶማልኛ በይፋ የሚጻፍበትን ፊደል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ ከዚያ በፊት ታላላቅ ገጣሚዎች ያለ ጽሑፍ ኖረዋል። ነገር ግን የቃል ባህሉን ጠጋ ብለን ብናየው ከማንም በላይ ለደራሲ የሚጨነቅ ሆኖ እናገኘዋለን። የሌላ ሰው ግጥም የሚያወርድ ሰው መጀመሪያ የባለቤቱን ስም መጥራት አለበት፤ ቃሉን መለወጥም እንደ ነውር ይቆጠራል። እንግዲህ የቃል ባህላችንን የምንጠቅሰው ለዝርክርክነት መሸሸጊያ እንዲሆነን ሊሆን አይገባም። እንዲያውም የሰውን ቀልድ ስሙን ሳይጠሩ ወስዶ መለጠፍ አባቶች የማያውቁት ነገር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። «የሚከፈለው ለፊት እንጂ ለጽሑፍ አይደለም፤ ታዲያ ለምን ልድከም?» ይባላል። ለዛሬ ክፍያ ከሆነ አባባሉ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ሕጉ ግን ረጅሙን ዕድሜ የሰጠው ለደራሲ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ለልጆቹም ይተላለፋል። ለከዋኝ የሚሰጠው ጥበቃም 50 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረው ግን ሥራው ከቀረበበት ወይም ከተቀረጸበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በሃያ ዓመቱ ጽፎ የተጫወተ ሰው ሰማንያ ዓመት ቢኖር፣ የተዋናይነት መብቱ እሱ በሕይወት ሳለ ያበቃል፤ የደራሲነቱ ግን ከእሱ በኋላም ግማሽ ምዕተ ዓመት ይቀጥላል። መብቱ የሚወለደው ሥራው ተፈጥሮ ሲጻፍ ወይም ሲቀረጽ ነው፤ የምዝገባ ወረቀት እስኪገኝ አይጠብቅም። ቢሆንም የጽሑፍ ማስረጃ የሌለው ሰው ክርክር ሲነሳ ባዶ እጁን ይቆማል። በቅጥር ለሌላ ድርጅት የተጻፈ ነገርም ውሉ ካልለየው ባለቤትነቱ ለቀጣሪው ሊሆን ስለሚችል፣ ከመጻፍ እኩል ውልን አንብቦ መፈረም የሙያው አካል ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል። «ሳቅ ሰውን ያስቆጣል፤ የጻፈ ሰው ደግሞ ማምለጫ የለውም» የሚል ነው። ይህን ተራ ፍርሃት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። አክራሪዎችን በቀልድ ሲያጋልጥ የነበረው ሶማሊያዊው ኮሜዲያን አብዲ ጀይላኒ ማርሻሌ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 2012 ሞቃዲሾ ውስጥ በጥይት ተገደለ። እንዲህ ያለ ዋጋ የተከፈለበትን ሙያ ማንም «በርቱ» ብሎ በቀላሉ ሊገፋፋበት አይገባም። ነገር ግን አደጋው የሚመጣው ከመጻፍ ሳይሆን ከመናገር ነው፤ የማይጽፈውም ይናገራል። የሚጽፍ ሰው ቢያንስ ከመናገሩ በፊት ያስባል። የሚስቅበት ሰው ጉልበተኛ ነው ወይስ ምስኪን? ጎሳን ነው የሚነካው ወይስ ጠባይን? አካል ጉዳተኛን፣ ስደተኛን፣ የድሃ ሴትን ንግግር መሳለቂያ ያደረገ ቀልድ ብዙውን ጊዜ በችኮላ የወጣ ነው። ብዙ ቋንቋና ብዙ ዓይነት ሰው ተቀላቅሎ በሚኖርበት እንደ ጅጅጋ ባለ ከተማ ደግሞ የችኮላ ቀልድ የሚያመጣው ጣጣ ከሳቁ ይበልጣል።

የመጨረሻው ተቃውሞ «ቀብሪበያ ተቀምጦ ማን ይሰማኛል? ነገሩ ያለው አዲስ አበባ ነው» የሚል ነው። ሞሊየር የተማረው በክፍለ አገር እንደሆነ ብለናል። ከዚያም በላይ ቀብሪበያ ባዶ ቦታ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ከሶማሊያ የተሰደዱ ሰዎች ሲኖሩባት የቆየች ከተማ ናት፤ የሞቃዲሾና የሐርጌሳ መድረክ ትዝታ ያላቸው ሽማግሌዎች ሊገኙባት ይችላሉ። ሐርጌሳ እ.ኤ.አ. በ1988 ስትደበደብ ከሬዲዮ ጣቢያዋ ክምችት ብዙ ካሴቶች የተረፉት ሰዎች መሬት ውስጥ ቀብረው ወይም ድንበር አሻግረው ስላሸሿቸው ነው። ሕይወታቸውን ለማትረፍ በሚሮጡበት ሰዓት ዘፈንና ተውኔት ለማትረፍ የተጨነቁ ሰዎች ምን ዋጋ እንዳለው ያውቁ ነበር። እኛ በሰላም ተቀምጠን የጻፍነውን አንድ ማኅደር ውስጥ ማስቀመጥ ሊያቅተን አይገባም።

ስለዚህ ለወጣት የኮሜዲ ተዋንያን የምለው ይህ ነው። ከመቅረጻችሁ በፊት ጻፉት፤ በሶማልኛም ይሁን በአማርኛ፣ አንድ ገጽም ብትሆን። ገጹ ላይ ስማችሁንና ቀኑን አስፍሩ። አብሯችሁ የደረሰ ጓደኛ ካለ የእሱንም ስም ጻፉ። ስታነቡት ያላሳቃችሁን ቦታ ለካሜራው አትተዉት፤ እንደገና ሥሩት። ሽማግሌዎችን ስለ ድሮው ተውኔት ጠይቁና የሰማችሁትን መዝግቡ። ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲና የክልሉ የባህል ተቋማት ደግሞ በዚህ ክልል የተጫወቱ ተውኔቶችንና የኮሜዲ ጽሑፎችን በሁለቱም ቋንቋ ሰብስበው ቢያስቀምጡ ለሚመጣው ትውልድ ትልቅ ውለታ ይውላሉ። የኮሜዲ ተዋናይ ጎበዝ ሆኖ ሊጀምር ይችላል፤ የሚሰነብተው ግን ደራሲ ሲሆን ነው።